ከፊት ለፊቱ የተከልኩት ወፍጮ

እናቴን ከወፍጮ ቤት ያስወጣኋት እኔ ነኝ። ያዘዘኝ ሌላ ሰው ነው፤ ስልቻዋን ጎትቶ ያወጣው ግን የእኔ እጅ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ስለዚያ ሰው ቀጥዬ የምለውን የሚሰማ ሁሉ እኔን ንጹሕ አድርጎ እንዳይገምተኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው አርብ ገበያ በምትባለው ከተማ ነው። ያኔ ከተማው ውስጥ ደኅና የሚባል ወፍጮ አንድ ብቻ ነበር፤ ከታች ጋይንት ቆላም፣ ከስማዳ ወሰንም ሰው አህያውን እየነዳ የሚመጣው ወደዚያ ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር ሚዛን ያዥ ሆኜ ገባሁ። እህል እመዝናለሁ፣ ተራ እይዛለሁ፣ የሰው ጆንያ እንዳይቀያየር ምልክት አደርጋለሁ። ከእኔ ጋር ሁለት ሠራተኞች ነበሩ። አንደኛው ፈጪው ነው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገር ምላሱ የሚይዘው ሰው። የወፍጮውን ድምፅ ብቻ ሰምቶ ድንጋዩ መወቀር እንዳለበት የሚያውቅ እንደሱ ያለ ሰው እስካሁን አላየሁም። ሁለተኛዋ ዱቄቱ የሚወርድበት ቋት ሥር ቆማ እየተቀበለች በየጆንያው የምትሞላ፣ በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል ሴት ነበረች።

ባለቤቱ ወደ ሃምሳ የሚጠጋ ሰው ነው። ዱቄት በሚበንበት ቤት እየዋለ ጥቁር ኮቱ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አይታይበትም። በሩ ላይ ወንበር አስቀምጦ ይቀመጥና የሚገባውን ሰው ከጫማው ጀምሮ ያየዋል። ነጋዴ ከሆነ ይነሣለታል። ገበሬ ከሆነ «ወዲያ በል» ይለዋል። ሽማግሌውንም አሮጊቷንም «አንተ» እና «አንቺ» ነው የሚለው። ፈጪያችን አንድ ነገር ሊነግረው ሲመጣ ምላሱ እስኪፈታ አይጠብቀውም፤ አፉን እንደሱ እያጣመመ ይደግምለታል፤ ቆመው የሚጠብቁትም ይስቃሉ። አንዳንዶቹ የሚስቁት ተራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ነበር። እኔም ስቄ አውቃለሁ።

ያ ቀን ሐምሌ ላይ ነበር። እናቴ የምትኖረው ከከተማው የሦስት ሰዓት መንገድ ርቃ ነው። ጤፍና ገብስ በአንድ አህያ ጭና ጎሕ ሲቀድ ተነሥታ መጣች፤ ስትደርስ አምስተኛ ተራ ያዘች። ረፋዱ ላይ ተራዋ ሊደርስ ሲል አንድ የምግብ ቤት ዕቃ አቅራቢ ነጋዴ በአይሱዙ ስንዴ ይዞ ቆመ። ባለቤቱ ከወንበሩ ተነሣና ስንዴው ይቅደም አለ። ሌላው ሰው ዝም አለ። እናቴ ግን ነጠላዋን አስተካክላ ቀረብ አለችና፣

«ጌታዬ፣ ተራው የእኔ ነበር» አለችው። «መንገዴ ሩቅ ነው፤ ከመሸ ወንዙ ይሞላብኛል።»

«ሩቅ ከሆነ እዚያው ሠፈርሽ አስፈጪያ» አላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ፣ የዚህችን ስልቻ አውጪልኝ። ዛሬ ለእሷ አይፈጭም።»

እናቴ መሆኗን አውቆ ነው ብዬ ነበር ያመንኩት። ሁለታችን አንድ ፊት ነው ያለን፤ ስትገባም ጉልበቷን ስሜያለሁ።

ልጄ ያኔ ጡት አልጣለችም። ባለቤቴ የቀን ሥራ ሲገኝ የሚሠራ፣ ሳይገኝ የሚውል ሰው ነበር። ይህን ሁሉ በዚያች ቅጽበት አሰብኩት ብል እዋሻለሁ። ያሰብኩት ነገር የለም። ጎንበስ አልኩ፣ ስልቻውን ከአፉ በኩል ያዝኩ፣ በጭቃው ላይ እየጎተትኩ ከደጁ አወጣሁት። ቀና ብዬ አላየኋትም። ዝናቡ የጀመረው እሷ አህያዋን ስትጭን ነው። ነጠላዋን አውልቃ እህሉን ሸፈነችበት። «ደኅና ዋይ» አለችኝ፣ ሌላ ቀን እንደምትለኝ አድርጋ፤ ከዚያ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ከሁለት ወር እዚያው ሠራሁ። ሰው «ያኔውኑ ለምን ጥለሽ አልወጣሽም?» ይለኛል። ባዶ እጄን ወጥቼ እሱን ምን ላደርገው ነበር? ተቀምጬ መማር ጀመርኩ። አስፈጪው ዱቄቱን ተሸክሞ ሲወጣ ምን እያጉረመረመ እንደሚወጣ እሰማ ነበር። በርበሬ ተፈጭቶ ወፍጮው ሳይጠረግ ጤፍ ስለገባ ልጆቹ ሲበሉ አፋቸውን ያቃጠላቸው ሰው ነበር። የቀረውን ዱቄት ከቋቱ ሳያራግፉላት «አለቀ» ተብላ የተሸኘች ሴት ነበረች። አራስ ልጅ ይዛ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት ሙሉ የቆመች ነበረች። የአህያ ማሰሪያ ስለሌለ አህያው የሰው ጎመን በልቶ ከጎረቤት የተጣላ ነበር። ስድቡን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው፤ ስድቡን ሰው ውጦት ነው የሚሄደው። እኔ ሁሉንም በቃሌ ያዝኩት። የእሱን ቤት ጥፋት አንድ በአንድ ስሰበስብ ሆዴ ውስጥ ደስ የሚል ሙቀት ይሰማኝ ነበር።

ባለቤቴን ብዙ ለምኜ ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች አሸጥኩት። ደብረ ታቦር ያለችው እኅቱም አገዘችን። ስማዳ፣ ወገዳ ውስጥ ባለቤቱ ሞቶበት የቆመ አሮጌ ወፍጮ እንዳለ ሰምተን በአይሱዙ አስጫንነው። የስማዳን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ድንጋዮቹን በገለባ ጠቅልለን፣ ባለቤቴ ከላይ ተቀምጦ በክንዱ አቅፎ ይዟቸው፣ አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብን።

ቤት ሲፈለግ ገበያው ዳር ሰፊና ርካሽ ቤት ተገኝቶ ነበር። እኔ ከአሮጌው ወፍጮ ፊት ለፊት ያለውን ጠባቡን መረጥኩ።

«ለምን እዚያ?» አለኝ ባለቤቴ።

«ሰው እግሩ ወደዚያ ስለለመደ ነው» አልኩት። ያ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ በየቀኑ እንዲያየኝ እንደፈለግኩ አልነገርኩትም።

ፈጪውን ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። ደመወዙ ስንት ነው አላለኝም። «እ... እዚያስ ሰው ፊት ት... ትደግሚኛለሽ?» አለኝ። የሚለው አፉን እያጣመመ ስለሚደግመው ሰውዬ ነው። «አያ፣ አንተ ስትናገር ወፍጮው ቆሞ ይጠብቅሃል» አልኩት። በነጋታው መጣ። የቋቷ ሴት ትንሽ ፈርታ ቆይታ ከሁለት ወር በኋላ ተከተለችው። ሁለቱንም ከእሱ ላይ ስወስድ ያን ያህል ደስ ያለኝ ነገር በሕይወቴ ጥቂት ነው።

ሥራ የጀመርን ዕለት ያልኩት ነገር አጭር ነበር፤ «እዚያ ማዶ የሚደረገውን ታውቃላችሁ። እዚህ ግልባጩ ይደረጋል።» አግዳሚ ወንበር አሠርተን በቆርቆሮ አጠለልነው። ውሃ በእንስራ አስቀመጥን። የአህያ ማሰሪያ ግንድ ተከልን። በርበሬና ሽሮ የሚፈጭበትን ቀን ለየን። አንድ ሰው ፈጭቶ ሲጨርስ ቋቱን እሱው ፊት እናራግፋለን፤ ቀጥሎ ያለውም መጠረጉን ዓይቶ ነው እህሉን የሚያስገባው። ሻካራ ከሆነ ያለ ክፍያ እንደገና ይፈጫል። ማንም ሰው፣ ቀሚሷ የተቀደደባትም ብትሆን፣ «እርስዎ» ነው የሚባለው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዳንድ ሴቶች «እርስዎ» ስላቸው ከኋላቸው ሌላ ሰው የቆመ መስሏቸው ዞር ይሉ ነበር።

እናቴ በመጀመሪያው ሳምንት መጣች። እሱ ማዶ ወንበሩ ላይ ነበር። እንዲያያት ብዬ ስልቻዋን ተቀብዬ በቀጥታ ወደ ወፍጮው አፍ ወሰድኩት። እናቴ መንገድ ላይ እጄን ያዘችኝ። «መልሽው» አለችኝ። «ከእኔ በፊት አራት ሰው አለ።» ወንበሩ ላይ ሄዳ ተቀመጠችና ከጎኗ ካሉት ሴቶች ጋር ጨዋታ ጀመረች። ተናደድኩ። እኔ ለእሷ ብዬ ያዘጋጀሁትን እሷው አበላሸችብኝ ብዬ ነው የተናደድኩት።

ሰው ወደ እኛ እየተሻገረ መጣ። እሱ መጀመሪያ ይስቅ ነበር። ከዚያ ዝም አለ። ከዚያ ደግሞ ወሬ አስወራ፤ «ከወገዳ ያመጡት ድንጋይ አሸዋ ያወጣል፤ የእነሱን ዱቄት የበላ ጥርሱ ይረግፋል» አስባለ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ሰው ቀረ። አሸዋ የሚያወጣ ድንጋይ የወፍጮ ሰው ትልቁ ፍርሃት ነው፤ ሰው አንዴ ከጠረጠረ በቃል አትመልሰውም።

በዚያ ሰሞን አንድ የቆሎ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የኔታ ለተማሪዎቻቸው የተለመነ ገብስ ተሸክመው መጡ። ወሬውን ሰምተዋል። ደጃፉ ላይ ቆመው፣ መንገደኛውም እያያቸው፣ «እስቲ ከዚህ ድንጋይ የወጣውን አምጪልኝ» አሉኝ። ገና እንደሞቀ በእፍኜ አቀረብኩላቸው። ቆንጥረው አፋቸው ውስጥ ከተቱና ዓይናቸውን ጨፍነው አላመጡት። ፈጪዬን ሳየው እጁን በሱሪው ላይ ያሻል።

«ሰማንያ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የቀሩኝ ጥርሶች አራት ናቸው» አሉ የኔታ። «አሸዋ ቢኖርበት ከእናንተ ይልቅ የሚሰማው ለእኔ ነበር። የለበትም። የኔን ገብስ ፍጩልኝ።»

ይህን ያሉት ሐሙስ ነው፤ በነጋታው በገበያው ቀን ሰልፋችን መንገዱን ተሻግሮ እሱ ደጃፍ ደረሰ። ወንበሩን አንሥቶ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ሚዛኑ ላይ ቆሜ በሩ ሲዘጋ አየሁ።

እንግዲህ ሠራተኞቼን በምን እንዳበረታኋቸው እውነቱን ልናገር። ሰዎች መጥተው «እንዴት ነው ሠራተኞችሽ እንደዚህ የሚተጉልሽ?» ይሉኝ ነበር። የማሠራቸው የእሱን በደል እያስታወስኩ ነው። ጠዋት ሥራ ስንጀምር ለፈጪው «አፍህን እንዴት ያጣምምልህ እንደነበር አትርሳ» እለዋለሁ። ለቋቷ ሴት «ሐምሌ ሚካኤል ዕለት ልጅሽ ታምሞ ፈቃድ ከልክሎሽ አልነበረም?» እላታለሁ። ማታ ወፍጮው ሲቆም የምጠይቀው «ዛሬ ከእሱ ስንት ሰው መጣ?» የሚል ነው። ሠርቷል። ፈጪው ድንጋዩን ማንም ሳያዘው በየሳምንቱ ይወቅራል፣ ሴቲቱም ሰው ዱቄቱን ሲሸከም ከጀርባ ታነሣለታለች። ግን አንድ ቀን ፈጪው የሞተሩን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ እያጠበቀ ሳለ ቀና አለና፣

«አ... አታስታውሺኝ» አለኝ። «እኔ ወደዚህ የ... የመጣሁት ልረሳው ብዬ ነው።»

ሰማሁት፤ ነገር ግን ቦታ አልሰጠሁትም። የሰውዬው ወፍጮ ገና አልተዘጋም ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የሰውዬው እናት ሞቱ። ለቅሶ አልደረስኩም። በእኛ አገር ለቅሶ አለመድረስ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው የቀረሁት። አርባቸው ሲቃረብ መብራት ሲሄድ ሲመጣ የእሱን ሞተር አቃጠለው። የተዝካሩ እህል ደግሞ ገና አልተፈጨም። ሌላ የቀረበ ወፍጮ የለም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት አህያ ጤፍና ስንዴ አስጭኖ መንገዱን ተሻገረ። ጥቁር ለብሷል፤ ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ከሩቅ ሳየው ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። ግቢው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ሐሙስ የገበያ ዋዜማ ስለሆነ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ሚዛኑን ትቼ ሄጄ ተቀበልኩት።

«እንደምን አደሩ፣ ጌታዬ» አልኩት። «ተራዎ ሃያ ሰባተኛ ነው። እዚያ ጥላው ሥር አረፍ ይበሉ። ውሃ ላምጣልዎ?»

እነዚያን «እርስዎ»ዎች ያልኩበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ውሃውን በእጄ አቀረብኩለት። ተቀበለኝ፤ ጠጣ፤ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከላይ እስከ ታች አየሁት። ኮቱ ላይ ዱቄት አርፎበታል።

ከተሰለፉት አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «የኔ ልጅ፣ ነገሩ ተዝካር ነው» አሉኝ። «እኛ ፈቅደናል፤ ይቅደም።» ከኋላቸው ያሉትም «ይቅደም፣ ይቅደም» አሉ።

«እዚህ ቤት በተራ ነው፣ አባቴ» አልኩ። «ለማንም አናዳላም።»

ሽማግሌው ሌላ ነገር ሳይሉ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ። ያን ዝምታ ከዚህ በፊት የት እንደማውቀው ማስታወስ ነበረብኝ፤ አላስታወስኩም። ልቤ ውስጥ ዘፈን ነበር። ወደ ቋቷ ሴት ጠጋ ብዬ «ስትጠርጊ ቀስ እያልሽ፤ በደንብ ጥረጊ» አልኳት። ለምን እንዳልኩ ገባት። ቀስ ማለት ጀመረች። ሃያ ስድስቱም ሰው እሱ እንዲቆይ ሲባል አብሮ ቆየ። አራስ ሴት ነበረች፤ ከሁለት ቀበሌ ማዶ የመጡ ሰዎች ነበሩ። እኔ የማየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እኩለ ቀን አልፎ ተራው ገና አሥራ አራተኛ ላይ ሳለ ወፍጮው ቆመ። መብራት የሄደ መስሎኝ ዞር ስል ፈጪው እጁ ማጥፊያው ላይ ነው። ዱቄት ከቅንድቡ እያራገፈ ወደ መሐል መጣ። ሰው ሁሉ ያየዋል። ምላሱ እንደዚያ ዕለት ይዞት አያውቅም፤ አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገታተረ። ማንም አልሳቀም። ጠበቅነው።

«ለ... ለእሳቸው ልፈጭ ነው» አለ በመጨረሻ። «ተራው የ... የሰዎቹ ነው። ሰ... ሰጥተዋል። ካልፈለግሽ አ... አሰናብቺኝ።»

አሰናብቼሃለሁ ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ያልወጣው የቋቷ ሴት መጥረጊያዋን አስቀምጣ ከጎኑ ስለቆመች ነው። ሁለቱ ሄደው የሰውዬውን ጆንያ አነሡ። ሽማግሌውም ሊያግዙ ተነሡ። እኔ ሚዛኔ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ያንን እህል እንኳን እኔ አልመዘንኩትም። ሲጨርስ ሰውዬው ለፈጪውና ለተሰለፈው ሰው «እግዜር ይስጥልኝ» አለና አህዮቹን ነድቶ ሄደ። ለእኔ ምንም አላለኝም።

ያን ሰሞን ፈጪው ሥራውን ይሠራል፤ ነገር ግን አያናግረኝም ነበር። ሰው ደግሞ ሰላምታዬን ይቀበላል፣ ጨዋታው ግን ቀርቷል። በቀጣዩ ሳምንት እናቴ መጣች። ተሰልፋ ሳለች ሁሉንም ሰምታዋለች። ቤት ወስጄ ምሳ አቀረብኩላት፤ አልበላችም።

«ለአንቺ ብዬ ነው» አልኳት። «ይህ ወፍጮ እንዳለ ለአንቺ ነው የተተከለው።»

«ለእኔ ቢሆን ኖሮ ደጄ ላይ ትተክዪው ነበር» አለች። «ዛሬም የሦስት ሰዓት መንገድ ነው የምሄደው።»

ሳህኑን ወደ እሷ አስጠጋሁላት።

«ያን ዕለት እኔ ያዘንኩት በሰውዬው አይደለም» አለች። «እሱ ለሁሉም እንደዚያ ነበር። አንቺ ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽኝም። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ያንን ነው።»

ይቅር በዪኝ አልኳት። «ያኔውኑ ብያለሁ» አለችኝ፤ ሳህኑን ግን አልነካችም።

እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ወደ ሰውዬው ቤት ሄድኩ። ለቅሶ ልደርስ ነው ብዬ ነው የሄድኩት፤ ያም ግማሽ እውነት ነው። ግማሹ ግን ያንን ዕለት ፊቱ ላይ ላስቀምጥለትና ሲያፍር ላየው ነው። እናቴን ያቃጠላት እኔ ከሆንኩ፣ እኔን እዚያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ቢያንስ እኩል እንድንሸከመው ፈለግኩ።

ብቻውን ተቀምጧል። ተነሥቶ ተቀበለኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። እግዜር ያጽናዎ አልኩት። የሚባለውን ሁሉ ካልኩ በኋላ፣

«እናቴን ያስወጧት ዕለት ነው ያስቀየሙኝ» አልኩት። «ስልቻዋን አውጪ ብለው ያዘዙኝ ዕለት።»

ፊቴን አየኝ። «የትኛዋን እናትሽን?»

«ሐምሌ ላይ። ነጋዴው ስንዴ ያመጣ ጊዜ። ዝናብ ነበር።»

ለማስታወስ ሲሞክር አየሁት። የምሩን ነው የሞከረው፤ ግንባሩ ተኮማተረ። «ብዙ ሰው አስወጥቻለሁ» አለ። «እናትሽ አንድ ቀን እዚያ መምጣቷንም አላውቅ።»

«ታዲያ እኔ ለምን የወጣሁ ይመስልዎታል? ፊት ለፊትዎ ለምን የተከልኩት ይመስልዎታል?»

«ትርፉን አይተሽ ነዋ» አለ። «ሌላ ምን አለ?» ከዚያ ትንሽ አሰበና፣ «ብቻ በድዬሽ ከሆነ ይቅር በዪኝ» አለኝ፤ ሰው በገበያ ግርግር እግር ሲረግጥ እንደሚለው።

ይቅር ይበለን ብዬ ወጣሁ። ይህን ሁሉ ዓመት እሱም እንደኔ ያንን ዕለት ይዞ የሚኖር መስሎኝ ነበር። ወንበሩን ሲያነሣ፣ በሩን ሲዘጋ፣ በእናቴ ምክንያት መሆኑን እያወቀ የሚከፍል መስሎኝ ነበር። እሱ የተሸነፈው ገበያ ተሻምተንበት ብቻ ነው። ከዚያ ቀን ይልቅ አምርሬ የጠላሁት ጊዜ የለም።

ሰኞ ጠዋት ሰው ሲሰበሰብ፣ ፈጪው ሞተሩን ሳያስነሣ በፊት፣ ግቢው መሐል ቆምኩ። የበደልኩት በሰው ፊት ስለነበር በሰው ፊት ነው መናገር ያለብኝ ብዬ ነው። ፈጪውን፣ ያን ሐሙስ አንተ ልክ ነበርክ፣ እኔ ጥፋተኛ ነበርኩ አልኩት። ከእንግዲህ ሐዘንተኛ ወይም አራስ ወይም በሽተኛ ያለበት ቢመጣ ማስቀደም አለማስቀደሙን የሚወስኑት የተሰለፉት ናቸው፤ እኔ አልገባበትም አልኩ። እነሱንም ስላቆየኋቸው ይቅርታ ጠየቅኩ። ፈጪው «እሺ» አለ። ቀጥሎ ያለኝ፣ ቺንጋው ስላለቀ ከደብረ ታቦር አዲስ ይምጣ የሚል ነው። መታረቃችንን ያወቅኩት በዚያ ነው።

ሰውዬው የተቃጠለውን ሞተር አላስጠገነም። ወፍጮውን ሸጠው፤ ቤቱ ዛሬ የማዳበሪያ መጋዘን ነው። ቤተ ክርስቲያን እንገናኛለን፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይለኛል፤ እኔም እመልሳለሁ። ለንስሐ አባቴ ይቅር ብያለሁ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ግን ጠዋት በሬን ስከፍት ያ የተዘጋ በር ፊት ለፊቴ ሲታየኝ ደስ ይለኛል። አሁን ይህን ስናገርም ደስ እያለኝ ነው። ይህ ስሜት መቼ እንደሚለቀኝ አላውቅም፤ እንዲለቀኝ የምፈልግ መሆኔንም እርግጠኛ አይደለሁም።

ሥራው ሰፍቶ ዘንድሮ ሁለተኛ ወፍጮ ጨመርን፤ አዲስ ሴት ልጅም ቀጠርን። አዲስ ሰው ሲገባ የማስተምረው እኔ አይደለሁም፤ ፈጪው ነው። እኔ ካስተማርኩ ከየት እንደምጀምር አውቀዋለሁና። ባለፈው ልጅቱ ቋቱን ስትጠርግ ደክሟት «ለእያንዳንዱ ሰው ይህን ያህል መጥረግ ለምን አስፈለገ?» ብላ ጠየቀችው።

«የ... የሰው ጤፍ በርበሬ በርበሬ እንዳይል» አላት።

ልጅቱ ራሷን ነቅንቃ መጥረጊያዋን አነሣች። እኔ ሚዛኑ ላይ አንድ ጆንያ እያስቀመጥኩ ነበር። የምመልሰው ሌላ ረጅም መልስ ነበረኝ። ግን «ሠላሳ ሁለት ኪሎ ነው፣ እናቴ፤ ወንበሩ ላይ አረፍ ይበሉ» አልኳቸው፣ እህሉን ላመጡት ሴትዮ።